የሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አለንጋ ይዘን ገበያ ወጣን

«የቻይና የጦርነት ዘመን ድርሰት ለእኛ ልጆች ምን ይረባቸዋል?» ክበባችን ዘንድሮ ያነበበው እሱን ስለሆነ ይህን ያልጠየቀኝ የለም። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ተጠይቄያለሁ፤ በወላጆች ቀንም ተጠይቄያለሁ። እዚሁ ልመልስ።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1931 የቻይናን ሰሜን ምሥራቅ ወረረች። በ1937 ዋናው ጦርነት ፈነዳ። የቻይና ደራሲዎች ሊያነሳሱት የፈለጉት ገበሬና ወታደር ግን አብዛኛው ማንበብ አይችልም። ደራሲዎቹ በ1938 ውሃን ከተማ ላይ ማኅበር መሠረቱ። ጽሑፍ ወደ ገጠር ይውረድ፣ ጽሑፍ ከጦሩ ጋር ይዝመት አሉ። ስመ ጥሩው ልብ ወለድ ጸሐፊ ላው ሸ ሚስቱንና ልጆቹን ጂናን ከተማ ትቶ መጣ። የማኅበሩን ሥራ ተሸከመ፤ በከበሮ የሚዜም ግጥምም ለሕዝቡ ይጽፍ ጀመር። ለእኔ ትልቅነቱ እዚህ ላይ ነው።

ስብሰባችን እንደወትሮው ረቡዕ ረቡዕ ነበር። አነበብን፣ ተከራከርን። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የዛሬው የቻይና ብሔራዊ መዝሙር እ.ኤ.አ. በ1935 ለፊልም የተሠራ ዘፈን እንደነበር አግኝቶ መጣ። ጣሊያን እኛን በወረረችበት ዓመት ማለት ነው። ያን ቀን ደወል ተደውሎም የወጣ ተማሪ አልነበረም።

አሁን ተውኔት ይዘን ገበያ ወደወጣንባት ቅዳሜ ልምጣ።

በዚያ ጦርነት ጊዜ በየመንገዱ የታየ «አለንጋህን ጣል» የሚባል አጭር ተውኔት አለ። አባትና ልጅ ከሰሜን ምሥራቅ ተሰደው በየገበያው እየዘፈኑ ይለምናሉ። ልጅቱ በረሃብ ትዝለፈለፋለች። አባት አለንጋ ያነሳል። ከተመልካቹ መሃል የተደበቀ ተዋናይ ተነስቶ ያስጥለዋል። ልጅቱ ግን ለአባቷ ትሟገታለች፤ ለዚህ ያበቃን ወራሪው ነው ትላለች። ያን አገር በካርታ እንኳ አይቶ የማያውቅ ገበሬ፣ ወገኑ ሲራብ ፊት ለፊቱ ያያል።

እኛም አለንጋ ከጋሪ ነጂ ተውሰን ገበያ ወጣን። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ አባትየውን ሆነ። አለንጋውን ሲያነሳ ድብቁ ተዋናያችን ገና ከቦታው አልተነቃነቀም። አንዲት ጎመን ሻጭ እናት ቀደሙት። የልጁን ክንድ ጥርቅም አድርገው ይዘው «ኧረ ተው አንተ! እርቧት እኮ ነው!» አሉት።

ልጁ አለንጋውን ለቀቀው። «ወድጄ መሰለዎት እማማ?» አላቸው። ጽሑፋችን ላይ የሌለ ቃል ነው። ከዚያ ልጅቱ ልትናገር የነበረውን የስደት ታሪክ እሱ ራሱ ቀስ ብሎ ነገራቸው። እሳቸው ክንዱን አልለቀቁም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ከጎመኑ ክምር ጀርባ ቆሜ አልቅሻለሁ።

ያልተሳካም አለ። ሁለተኛው ተውኔት በፈተና ምክንያት ቀረ። ሦስት አባላት ለቀውናል። ጽሑፎቹን ፎቶ ኮፒ ያደረግነው ከኪሳችን ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው ክፍላችንም ዝናብ ሲጥል መነጋገር አታስችልም። በዚያ ጦርነት ወደ ኩንሚንግ ከተማ የተሰደዱት የቻይና ዩኒቨርሲቲዎችም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የዝናቡ ድምፅ መምህሩን እየዋጠው ተምረዋል። እነሱ ግን ጦርነት ላይ ነበሩ።

ለከርሞ ሁለት ሌሎች ገበያዎች መሄድ እንፈልጋለን። የመኪና ኪራይ፣ የወረቀትና የጣሪያ ጥገና ወጪውን ዝርዝር ለወላጅ መምህር ሕብረት አስገብተናል። የቀድሞ ተማሪዎቻችንም ብትረዱን አናሳፍራችሁም። ረቡዕ ከ9 ሰዓት በኋላ ብቅ በሉና ልጆቹን እዩአቸው።