የሠረገላ ቤቱም የሕንፃው አካል ነው

ለአዘጋጁ፦

በአሜሪካ ጆርጂያ፣ ሳቫና ከተማ ስላለውና ዛሬ ሙዚየም ስለሆነው የኦውንስ-ቶማስ ቤት ያወጣችሁት ጽሑፍ ስለ ዓምዶቹና ስለ ሰገነቱ በሰፊው ያትታል። ከአትክልቱ ማዶ ያለውን የሠረገላ ቤት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ዊሊያም ጄይ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1819 የተጠናቀቀው ዋናው ቤት ያለ ጓሮው አይገባንም። የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምባቸው ታንከሮችና በዘመኑ ብርቅ የነበረው የቧንቧ መስመር የጸሐፊውን አድናቆት አግኝተዋል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ያ ምቾት ሁሉ የቆመው በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት ነበር። የጓሮው ሕንፃ፣ ማለትም የሠረገላ ቤቱ፣ ግማሹ የፈረስ ጋጣና የሠረገላ ማቆሚያ ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ የእነዚሁ ሰዎች መኖሪያ ነበር። ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በጠባብ ክፍሎች ተፋፍገው ኖረውበታል።

ደግሞም እዚያ ያለው ማስረጃ በዋናው ቤት አይገኝም። በጣራው ሥር ዛሬም የሚታየው ሰማያዊ ቀለም፣ ክፉ መንፈስን ያርቃል ተብሎ በአካባቢው ጥቁሮች ዘንድ ይታመንበት ነበር። ስለ ነዋሪዎቹ እምነት ይህን ያህል በቅርበት የሚናገር ሌላ ነገር በግቢው ውስጥ አላየሁም።

ሙዚየሙ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 «የባሪያዎች መኖሪያ» የሚለውን በስሙ ላይ ጨምሯል። እናንተም በሚቀጥለው እትም ሙሉ ስሙን ተጠቅማችሁ፣ ሁለቱን ሕንፃዎች ጎን ለጎን የሚያሳይ የግቢ ፕላን ብታወጡ እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከአትላንታ