ፈቃዱ ይቅለል፣ ሒሳቡ ይጥበቅ፦ ለአካባቢ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የሕዝብ ዝግጅትና የገንዘብ ማሰባሰብ ፈቃድ ለሚሰጡ የአካባቢ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች

ጉዳዩ፦ በበጎ ፈቃደኞች የሚሰናዱ የመንደር ገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅቶችን ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት ኃላፊዎች፣

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. 2026ን ለዘላቂ ልማት የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎ ሰይሞታል። ከዚህ ቀደም 2001 ተመሳሳይ ክብር ተሰጥቶት ነበር፤ በየዓመቱ ዲሴምበር 5 የሚከበረው የበጎ ፈቃደኞች ቀንም በ1985 በዚሁ ጉባኤ የተወሰነ ነው። እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ ከመድረክ ብዙ ምስጋና ይጎርፋል፣ የምስክር ወረቀት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል። ምስጋናው አይጠላም፤ ይሁንና የመንደር ዝግጅት የሚያሰናዱ ሰዎች ከቢሯችሁ የሚፈልጉት ከዚያ ያነሰና ለመስጠትም የሚቀል ነገር ነው፦ ከዝግጅቱ በፊት የምትጠይቁት ወረቀት እንዲቀንስ፣ ከዝግጅቱ በኋላ የምትጠይቁት ሒሳብ ደግሞ እንዲጠብቅ።

ቁጥጥር ይጥበቅብን ብሎ የሚጽፍ ባለጉዳይ ብዙ ጊዜ እንደማያጋጥማችሁ እገምታለሁ። ነገሩን ለማስረዳት አሠራሩ በብዙ ቦታ ምን እንደሚመስል መናገር ይገባል። ጥቂት ጎረቤታሞች የትምህርት ቤት ጣሪያ ለማስጠገን፣ ለጤና ጣቢያ አልጋ ለመግዛት ወይም ቤቱ የተቃጠለበትን ቤተሰብ መልሶ ለማቋቋም ይነሣሉ። ቀን ይቆረጣል፤ ሜዳ ወይም አዳራሽ ይፈለጋል፤ ልጆች ትርኢት ይለማመዳሉ፤ ለጨረታና ለዕጣ የሚሆን ዕቃ ከየቤቱ ይሰበሰባል። ፈቃድ ፍለጋው የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ቢሮ ከፖሊስ ደብዳቤ አምጡ ይላል፤ ፖሊስ ደግሞ ቢሮው ሳይጽፍልን አንጽፍም ይላል፤ ሜዳውን የሚያስተዳድረው አካል የሁለቱንም ደብዳቤ ካላየ ቁልፉን አይሰጥም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ማኅተሙ ተቆልፎበታል፤ ነገ ተመለሱ። ፈቃዱ ሲወጣ የዝግጅቱ ዋዜማ ደርሷል፣ አንዳንዴም ቀኑ አልፏል። በዚህ ሁሉ ምልልስ ውስጥ ገንዘቡን ማን እንደሚቆጥረው፣ የት እንደሚገባ፣ ለሰጪውም ማን መልስ እንደሚሰጥ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ዝግጅቱ ካለፈ በኋላማ ጨርሶ የሚጠይቅ የለም፤ ፋይሉ የተዘጋው ፈቃዱ በተፈረመ ዕለት ነውና።

በመንደር ኮሚቴ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ያገለገለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መዋጮ የሚጎድለው ሰው ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። በደንብ የሚሠራ ኮሚቴ በእነዚያ ሰዓታት የሚያደርገው የታወቀ ነው። ቁጥር የተጻፈባቸውና በፊርማ የታሸጉ ሳጥኖች ወደ አንድ ክፍል ይገባሉ። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ይቆጥራሉ፣ ሦስተኛው ይመዘግባል። ሳጥኖቹ በየተራ ይከፈታሉ፤ የአንዱ ሳጥን ገንዘብ ተቆጥሮ ሳይመዘገብ የሌላው እሽግ አይነካም። ብሩ በየዓይነቱ ይደረደራል፣ ሳንቲሙ ለብቻው ይቆለላል፣ የተቀደደው ተለይቶ ይጻፋል። ድምሩ በአኃዝም በፊደልም ይሰፍርና ሁሉም ይፈርማሉ። ከሁሉ የሚከብደው ደንብ ግን ሳይቆጠር ከሳጥን ምንም አይወጣም የሚለው ነው። የድምፅ ማጉያ ያከራየው ሰው በር ላይ ቆሞ ሒሳቤን ይላል፤ ወንበር የጫነው መኪና መሄድ ይፈልጋል፤ ከኮሚቴው አንዱ «ለጊዜው ከዚህ እንክፈላቸውና በኋላ እንጽፈዋለን» ይላል። ያን ጊዜ እሺ ያለ ኮሚቴ በማግስቱ የተገኘውን ጠቅላላ ገቢ በእውነት ሊናገር አይችልም፤ ማንም ባይሰርቅ እንኳ ሐሜቱን የሚመልስበት ማስረጃ የለውም። የመንደር መዋጮን ደግሞ ከስርቆት ይልቅ የሚገድለው ሐሜት ነው፤ ለዚህኛው ዓላማ የሰጠ ሰው ለሚቀጥለው እጁን የሚሰበስበው የመጀመሪያው የት እንደደረሰ ሳይነገረው ሲቀር ነውና።

ገንዘቡ በሞባይል ሲላክ ደግሞ ሳጥንም እሽግም የለም። ዛሬ ብዙ መዋጮ የሚገባው በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ወይም ስልክ ቁጥር ነው፤ ያ ሰው ቅን ቢሆን እንኳ የራሱ ገንዘብና የመንደሩ ገንዘብ በአንድ ቋት ሲቀላቀሉ የሚያስረዳበት መንገድ ይጠበዋል፤ ቢታመም ወይም ቢሞት ደግሞ ገንዘቡ ከውርስ ጋር ይያያዛል። መፍትሔው ሁለት ሰው ፈርሞ የሚያንቀሳቅሰው የኮሚቴ ሒሳብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ባንኩ ግን የምዝገባ ወረቀት ይጠይቃል፤ ለአንድ ቀን ዝግጅት የተሰባሰቡ ጎረቤታሞች ደግሞ ማኅበር ሆነው እስኪመዘገቡ የተቃጠለው ቤት ባለቤት ክረምቱን በውጭ ያሳልፋል። የኮሚቴውን አባላት ስም፣ ዓላማውንና ሒሳቡ የሚዘጋበትን ቀን ጠቅሶ ለባንኩ የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ፣ በቢሯችሁ በኩል ከሚወጡት የፈቃድ ወረቀቶች ሁሉ የበለጠ ገንዘቡን ይጠብቀዋል።

ሕዝብ ፊት የሚሰበሰብ ገንዘብ ለሕዝብ መልስ እንዲሰጥበት ማድረግ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1886 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ አንዲት መርከብ ስትቸገር ለመርዳት የወጡ 27 በጎ ፈቃደኛ የሕይወት አድን ጀልባ ሠራተኞች ሞቱ። ለሟቾቹ ቤተሰቦችና ለነፍስ አድን ሥራው የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ በ1891 በማንችስተር ከተማ ጀልባ እየተጎተተ፣ ባንድ እየተጫወተ ሰልፍ ወጣ፤ በፎቅ መስኮትና በትራም ላይኛው ክፍል ያሉት ሰዎች እንዳይቀሩ ሰብሳቢዎቹ ከረጢት በረጅም ዘንግ ጫፍ አስረው ይዘረጉላቸው ነበር። የመንገድ ላይ የበጎ አድራጎት መዋጮ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ከዚህ ሰልፍ ይጀመራል። እንዲህ ያለው ልማድ ሲስፋፋ አጭበርባሪው አብሮ መምጣቱ አልቀረም፤ በዚያው አገር በ1939 የወጣው ከቤት ወደ ቤት የሚደረግ መዋጮን የሚመለከት ሕግና መመሪያው ሰብሳቢው መለያ እንዲያደርግ፣ ሳጥኑ እንዲታሸግ፣ አስተባባሪውም ሒሳቡን እንዲያቀርብ አስገደዱ። በኒው ዮርክ ደግሞ በ1885 ለነፃነት ሐውልት መቆሚያ የሚሆን ገንዘብ ሲጎድል ጆሴፍ ፑሊትዘር በጋዜጣው ጥሪ አቀረበ፤ ከ120,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከአንድ ዶላር በታች ሰጥተው ከ100,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ጋዜጣው የሰጠውን ሰው ሁሉ ስም፣ ስጦታው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ እንደሚያትም ቃል ገብቶ ነበር። ሳንቲም የሰጠ ልጅ ስሙን ጋዜጣ ላይ ሲያነብ ሒሳቡን እሱም ይቆጣጠራል ማለት ነው። እናንተ ጋዜጣ አያስፈልጋችሁም፤ በቢሮው በር ላይ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ይበቃል።

የቅድሚያውን ወረቀት በተመለከተ፣ ፈቃድ መስጠትን በማሳወቅ መተካት የሚቻል መሆኑን የሚያሳይ አሠራር አለ። በእንግሊዝና በዌልስ በ2003 በወጣው ሕግ መሠረት ከ500 ሰው በታች የሚገኝበትን፣ መጠጥ የሚሸጥበትን ወይም በሕጉ ቁጥጥር ሥር ያለ መዝናኛ የሚቀርብበትን ጊዜያዊ ዝግጅት የሚያሰናዳ ሰው ቢያንስ ከ10 የሥራ ቀናት በፊት ለአካባቢው ምክር ቤት ያሳውቃል፤ ፖሊስና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ተቃውሞ ካላቸው በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማቅረብ አለባቸው። ተቃውሞ ከሌለ ዝግጅቱ ይካሄዳል። ልብ በሉ፤ እዚያ ምክንያት የማቅረቡ ሸክም የተጫነው በተቃዋሚው ላይ ነው፤ ባለሥልጣኑ ዝም በማለት ብቻ ዝግጅት ሊያስቀር አይችልም። ቁጥሩና ቀኑ በየአገሩ ሊለያይ ይችላል። እኔ እንድትወስዱት የምለምነው የአሠራሩን አቅጣጫ ነው።

ሁሉም ነገር በማሳወቅ ብቻ ይለፍ አልልም። ጄኔሬተር የሚተከልበት፣ ጊዜያዊ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋበት፣ መንገድ የሚዘጋበት፣ ሰው በአንድ በር ብቻ የሚገባበትና የሚወጣበት ዝግጅት አስቀድሞ መታየት አለበት። ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ሞት የሚመጣው ብዙ ጊዜ በጠባብ መውጫ በኩል ነው፤ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ደግሞ በየመንደሩ አይገኝም። ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ በወረቀት የሚሠራ አይደለም። አንድ ሰው ቦታው ድረስ መጥቶ በሮቹን ቢቆጥር፣ ሽቦው የተዘረጋበትን ቢያይ፣ የጠፉ ልጆች የሚጠበቁበትንና የመጀመሪያ ሕክምና የሚሰጥበትን ቦታ ቢያመለክት፣ ከሦስት ቢሮ የተሰበሰበ ማኅተም የማይሰጠውን ደኅንነት ይሰጣል። ዕጣና ሎተሪም የራሱ ሕግ ስላለው በዚያው ይመራ፤ ስለ እሱ የምጠይቀው ነገር የለኝም።

አንድ የሚከብድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱም የእናንተው የራሳችሁ መገኘት ነው። ኃላፊ የተገኘበት ዝግጅት ይደምቃል፤ ነገር ግን የመዋጮ ዝርዝር በአለቃ ፊት ሲዞር የበታቹ የሚጽፈው ቁጥር የፈቃዱ መሆኑ ይቀራል፣ ፈቃድ ፈልጎ የሚመጣ ነጋዴም የመስጠቱን ትርጉም ሌላ አድርጎ ይረዳዋል። ኬንያ ሐራምቤ የሚለውን የኅብረት መዋጮ ከነፃነት ጀምሮ የአገር መፈክር ያደረገች ናት፤ የዚያኑ ያህልም ችግሩን ስላየችው በ2003 ባወጣችው የመንግሥት ሹማምንት ሥነ ምግባር ሕግ ሹሙ ሥልጣኑን ተጠቅሞ መዋጮ እንዳይሰበስብ የሚከለክል ድንጋጌ አስገባች። በእንግድነት ብትመጡ በደስታ እንቀበላችኋለን። ዝርዝሩ ግን በእጃችሁ አይያዝ፤ የሰጪው የገንዘብ መጠንም በእናንተ ፊት ከመድረክ አይነበብ።

ሒሳብ ሲጠየቅ በግልጽ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላው ጉዳይ የታሰበውና የተገኘው ሳይገናኝ ሲቀር ምን እንደሚደረግ ነው። ለጣሪያ ተብሎ የተሰበሰበው ገንዘብ ለጣሪያው ካልበቃ ይጠበቃል? ለሰጪዎች ይመለሳል? ወይስ ለመስኮት ይውላል? ከጣሪያው የተረፈ እንደሆነስ? በመንደር ውስጥ ከባዱ ጠብ የሚነሣው በተረፈ ገንዘብ ላይ ነው፤ በጎደለው ላይ ሰው ያዝናል እንጂ አይጣላም። ኮሚቴው መልሱን ገንዘቡ ሳይሰበሰብ፣ በጥሪ ወረቀቱ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ብታስገድዱት ጠቡ ሳይነሣ ይቀራል። ከወረቀቶቻችሁ ውስጥ አንድ ብቻ ይቆይ ብትሉኝ ይህኛው ይቆይ እላለሁ።

በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ሳያጠፉ ለረጅም ዘመን ያስተዳደሩባቸውን ቦታዎች ሲያጠኑ ካገኟቸው የጋራ ባሕርያት ሁለቱ ጉዳያችንን ይነካሉ፦ ተቆጣጣሪዎቹ ራሳቸው ባለ ሀብቶቹ ወይም ለባለ ሀብቶቹ ተጠሪ የሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ መንግሥትም ሰዎቹ የራሳቸውን ደንብ የማውጣት መብታቸውን አልተጋፋም። የእሳቸው ጥናት ስለ ግጦሽ፣ ስለ መስኖ ውሃና ስለ ዓሣ እንጂ ስለ መዋጮ ሳጥን አልነበረም። ቢሆንም የመንደር መዋጮ ለአጭር ጊዜም ቢሆን የጋራ ሀብት ነው፤ የሚቆጣጠሩትም የሰጡት ሰዎች ሊሆኑ ይገባል። የእናንተ ድርሻ ኮሚቴው ለሰጪዎቹ መልስ ሳይሰጥ እንዳይበተን ማድረግ ነው።

ስለዚህ የምንለምነው ይህ እንዲሆን ነው። የተወሰነ የሰው ቁጥር የማይበልጥ ዝግጅት በአንድ ገጽ ማሳወቂያ ይካሄድ፤ ማሳወቂያው ለአንድ ቢሮ ብቻ ይሰጥ፤ ፖሊስንና ሌሎቹን የሚያነጋግረው ያ ቢሮ ራሱ ይሁን። ተቃውሞ ካለ ምክንያቱ በጽሑፍ፣ በተቆረጠ ቀን ውስጥ ይሰጠን፤ ቀኑ ካለፈ እንደ ፈቃድ ይቆጠር። በአንጻሩ ኮሚቴው ከዝግጅቱ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ጠቅላላ ገቢውን፣ እያንዳንዱን ወጪና የተጣራውን ለየብቻው ጽፎ፣ የቆጠራውን ቃለ ጉባኤና የባንክ ደረሰኙን አያይዞ ያቅርብ፤ ወጪው ተቀንሶ የተጣራው ብቻ ከቀረበ አትቀበሉት፤ የተቀበላችሁትን ደግሞ በሰሌዳችሁ ላይ ለጥፉት። ሒሳቡን ያላቀረበ ኮሚቴ አባላት እስኪያቀርቡ ድረስ ሌላ ዝግጅት እንዲያሰናዱ አይፈቀድላቸው። ይህ ደንብ እኛንም ሊነካን እንደሚችል አውቀን ነው የምንጠይቀው።

የማሳወቂያውን ቅጽ ስታዘጋጁ በየመንደሩ ያሉ ገንዘብ ያዦችን ጥሩና ረቂቁን አሳዩዋቸው። የትኛው መስመር እንደሚጠቅም፣ የትኛውም ሰው ሳያነበው የሚሞላው እንደሆነ በአንድ ጠዋት ይነግሯችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣

የመንደር ኮሚቴዎችን በገንዘብ ያዥነት የሚያገለግል አንድ በጎ ፈቃደኛ