ሌዘር ኒውክለስ ላይ ደረሰ

ውድ እህቴ ሰብለ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? ደብረ ብርሃን ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጄ በቁመት በልጣኛለች። እኔ አሁንም አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነኝ፤ እዚያው ሆስፒታል፣ እዚያው ላብራቶሪ፣ የሌሊት ፈረቃ።

ዝምታችን ረዘመ። መጀመሪያ ኔትወርክ ጠፋ፣ ቀጥሎ ሐዘን መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ጊዜው እንዲሁ ሄደ። ልደውል ስል ሰዓቱ አይገጥምልንም፤ እኔ ጋ ሲመሽ አንቺ ጋ ይነጋል። ቴሌግራም ላይ እንዳልጽፍልሽ ደግሞ ነገሩ ሰፊ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ይሁን አልኩ። የምጽፍልሽ ስለ ፊዚክስ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ ፊዚክስ?» ይለኝ ነበር። አንቺ አትዪኝም።

አራት ኪሎ ሳለን የኒውክለር ፊዚክስ መምህራችን የነገሩንን ታስታውሻለሽ? ኤሌክትሮን በብርሃን ይነሳል፤ ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃዋል (የኃይል መለኪያ ነው)። ኒውክለስን፣ የአቶሙን እምብርት፣ ከእርፍቱ ለመቀስቀስ ግን ሺዎች፣ አንዳንዴም ሚሊዮኖች ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሌዘር ኒውክለስን አይነካም። ፈተና ላይም መጥቶብን ነበር። ትምህርቱ ልክ ነበር። ለሌሎቹ ኒውክለሶች በአብዛኛው ዛሬም ልክ ነው። አንድ ከመስመር የወጣ ግን አለ፤ ቶሪየም 229፣ የቶሪየም አንዱ ዓይነት።

የዚህ ኒውክለስ የመጀመሪያው ከፍ ያለ የኃይል ደረጃ ከእርፍት ደረጃው የሚርቀው 8.4 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ይሄ የኤሌክትሮን መጠን እንጂ የኒውክለስ መጠን አይደለም! በፈረንጆቹ 1976 አሜሪካ ውስጥ ክሮገርና ራይክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የጋማ ጨረሮቹን ሲመረምሩ ነው ፍንጩን ያገኙት። በጣም ዝቅ ያለ ደረጃ እንዳለ አወቁ፤ ትክክለኛ ቁጥሩን ግን መለካት አልተቻለም። በ1990ዎቹ 3.5 ነው ተባለ። በ2007 ወደ 7.6 ተሻሻለ። በ2003 ደግሞ ጀርመን ውስጥ ኤከሃርድ ፓይክና ክርስቲያን ታም «ይህን ኒውክለስ ለሰዓት እንጠቀምበት» የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ የሚቀሰቅሰው ብርሃን ውዝዋዜ እንደ ፔንዱለም ጊዜ ይቆጥራል ማለት ነው። ሐሳቡ ቀደመ፤ ቁጥሩ ግን ገና አልተያዘም።

ችግሩ ይገባሻል። ኒውክለስ የሚመልሰው ለአንድ በጣም ጠባብ ድግግሞሽ፣ ማለትም ብርሃኑ በሰከንድ ለሚወዛወዝበት አንድ ቁጥር፣ ብቻ ነው። ድግግሞሹን ሳታውቂ ሌዘርሽን የት ታነጣጥሪያለሽ? በዚያ ላይ የሚያስፈልገው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት 148 ናኖሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ነው። አየር ራሱ ይውጠዋል። ተራ መስታወትም አያሳልፈውም። ሁሉ ነገር አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ መሠራት አለበት።

በ2023 ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የኒውክለር ምርምር ማዕከል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ኒውክለሱ ሲረጋጋ የሚለቀውን ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። የፍለጋው ሜዳ በጣም ጠበበ። ከዚያ በ2024 ኤፕሪል ላይ የጀርመኑ ብሔራዊ የልኬት ተቋምና የቪየና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በጋራ አወጁት፤ በሌዘር ቀሰቀሱት። ቪየና የቶርስተን ሹም ቡድን ቶሪየም የተጨመረበት የካልሲየም ፍሎራይድ ክሪስታል አሳድጎ ነበር። ይህ ክሪስታል ያንን አልትራቫዮሌት ያሳልፋል። ሌዘሩን ያበራሉ፣ ያጠፋሉ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ። የተነሱት ኒውክለሶች ቀስ እያሉ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ደካማ ብርሃን ይወጣል፤ ብርሃኑ እስኪደበዝዝ ደቂቃዎች ይፈጃል። ካልወጣ ሌዘሩን በጥቂቱ ቀየር አድርጎ እንደገና ነው።

ለተማሪዎችሽ በተለይ ይህን ንገሪልኝ። ብርሃኑን ሲያዩ ወዲያው አላመኑም። ሌላው የቶሪየም ዓይነት፣ ቶሪየም 232፣ ያለበት ተመሳሳይ ክሪስታል ወስደው ያንኑ አደረጉ። ምንም አልወጣም። በኬሚስትሪ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በኒውክለሳቸው ብቻ ነው። እንግዲህ ብርሃኑ ከኤሌክትሮኖቹ ወይም ከክሪስታሉ የመጣ አይደለም ማለት ነው። ጥሩ ሙከራ ምን እንደሚመስል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሁን ወደ እኔ ሰፈር ልምጣ። ከቤቴ በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ፣ ቦልደር ከተማ፣ ጂላ የሚባል የምርምር ተቋም አለ። የጁን ዪ ቡድን እዚያ ነው። የዚያኑ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ከቪየና የመጣውን ክሪስታል ይዘው የኒውክለሱን ድግግሞሽ በስትሮንሺየም አቶሞች ጊዜ ከሚቆጥረው አቶሚክ ሰዓታቸው ጋር በቀጥታ አነጻጸሩት። ቁጥሩን ልጻፍልሽ፤ 2,020,407,384,335 ኪሎ ኸርዝ። የሚያጠራጥረው የመጨረሻው አኃዝ ብቻ ነው። ከኤፕሪሉ ልኬት አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል የጠራ። በአምስት ወር ውስጥ!

እንዴት እንደቻሉት ሳነብ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ሌዘራቸው አንድ ቀለም አይደለም፤ በእኩል ርቀት የተደረደሩ በጣም ብዙ ቀለሞች አሉት። ሲሳል የሚዶ ጥርስ ይመስላል፤ ስሙም እዚህ ሚዶ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት በትክክል ስለሚታወቅ የማይታወቅ ድግግሞሽ ከሚታወቅ ጋር ይለካበታል። የዚያው የጂላ ሰው ጆን ሆልና ጀርመናዊው ቴዎዶር ሄንሽ በዚህ ሥራ በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል። ችግሩ ሚዶው ኢንፍራሬድ ነው፤ የሚፈለገው አልትራቫዮሌት። ስለዚህ ብርሃኑን አጠንክረው ዜኖን ጋዝ ውስጥ ሰደዱት። ጋዙ የብርሃኑን ድግግሞሽ እጥፎች መልሶ ያወጣል። ሰባተኛው እጥፍ ቶሪየሙ ላይ ደረሰ።

ጋዝ ውስጥ ጠንካራ ኢንፍራሬድ ሲገባ እንዲህ ዓይነት እጥፎች ተደርድረው እንደሚወጡ በ1987 ፈረንሳይ ውስጥ ካዩት አንዷ አን ሉዊሊየር ነች። በ2023 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስቱ አንዷ። አስተማሪ ነች፣ ሰብለዬ፣ እንዳንቺ። ከስቶክሆልም ስልክ ሲደወልላት ስዊድን ሉንድ ክፍል ውስጥ እያስተማረች ነበር። በዕረፍቱ ስልኩን አነሳች፣ ዜናውን ሰማች፣ ተመልሳ ትምህርቷን ቀጠለች። በፊዚክስ ኖቤል ያገኘች አምስተኛዋ ሴት ነች። ለሴት ተማሪዎችሽ ስሟን ሰሌዳ ላይ ጻፊው፤ ይያዙት።

«ምን ሊጠቅመን?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቶሪየሙ ሰዓት ገና ከስትሮንሺየሙ አልበለጠም። ግን ኒውክለስ ትንሽ ነው፣ በኤሌክትሮኖቹ ተከልሏል፤ የውጭ መግነጢስና ኤሌክትሪክ እንደ ኤሌክትሮን በቀላሉ አይረብሸውም። ክሪስታል ውስጥ ስለሚቀመጥም አንድ ቀን ከላብራቶሪ ወጥቶ መንገድ የሚሄድ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ቶሪየም 229 እንደ ልብ አይገኝም፤ ዩራኒየም 233 ሲፈርስ ነው የሚገኘው። ለዚህም መላ አላጡም፤ የጂላ ሰዎች በዓመቱ መጨረሻ በጣም ስስ የሆነ የቶሪየም ሽፋን ሠርተው ጥቂቱ እንደሚበቃ አሳይተዋል።

ሰዓት እንዲህ ሲጠራ ከፍታም ይለካል። አንስታይን እንዳለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ጊዜ ይፈጥናል። በ2022 እነዚሁ የቦልደር ሰዎች የአንድ ሚሊሜትር ከፍታ ልዩነትን በስትሮንሺየም አይተዋል። ለክፍልሽ የሚሆን ስሌት ሠርቼልሻለሁ። ደብረ ብርሃን ከሸዋ ሮቢት 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እናንተ ጋ ያለ ሰዓት እነሱ ጋ ካለው በዓመት ወደ 5 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል። ልጆቹ ራሳቸው ያስሉት፤ የስበቱን ፍጥንጥነት (g) በከፍታው አባዝቶ ለብርሃን ፍጥነት ካሬ ማካፈል፣ የወጣውንም በዓመቱ ሰከንዶች ማባዛት ነው። እሳተ ገሞራ ሥር ማግማ ሲሞላ መሬት ከፍ ይላል፤ ያንን በሰዓት ለመከታተል ሐሳብ ያቀረቡ ተመራማሪዎች አሉ። በ2005 አፋር ዳባሁ እሳተ ገሞራ ላይ መሬት እስከ 8 ሜትር ተከፍቶ ነበር። የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ቤት አወዛውዟል። ይህ መሣሪያ ከማንም በላይ ለኛ ስምጥ ሸለቆ ይገባል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ጋዜጦቹ ግን በብዛት ያወሩት በ2022 ዲሴምበር ካሊፎርኒያ ላይ 192 ሌዘሮች ስላመጡት ፊውዥን፣ የኒውክለሶች ውህደት፣ ነው። 2.05 ሜጋ ጁል ገብቶ 3.15 ወጣ። ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ሌዘሮቹን ለመተኮስ ብቻ ከመስመር የተወሰደው ኤሌክትሪክ ግን ወደ 300 ሜጋ ጁል ነበር። እኔ የቶሪየሙን አበልጣለሁ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀር አንዱ ለሌላው እያቀበለ የተያዘ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። ለገና የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ቀይ ሌዘር ልኬልሻለሁ። 650 ናኖሜትር ነው፣ ኃይሉ ከ1 ሚሊ ዋት በታች። አረንጓዴውን ሆን ብዬ ተውኩት፤ ርካሾቹ የማይታይ ኢንፍራሬድ ያፈስሳሉ። ይሄኛውንም ቢሆን ማንም ልጅ ዓይን ላይ እንዳያነጣጥር። ክፍሉን አጨልሚ፣ አንድ ፀጉር በሌዘሩ አፍ ፊት ወጥረሽ አጣብቂ፣ ከግድግዳው 2 ሜትር ራቂ። ግድግዳው ላይ ብርሃንና ጨለማ ተራ በተራ ይደረደራል። በሁለት ተከታታይ ጨለማዎች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። የሞገዱን ርዝመት በ2 ሜትር አባዝተሽ ለዚያ ርቀት ስታካፍዪ የፀጉሩ ውፍረት ይወጣል። 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካገኛችሁ ፀጉሩ 65 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። የማን ፀጉር እንደሚወፍር ጻፊልኝ።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

እህትሽ
ማርታ