ስለ ባለጉዳዮች መዝገብና ስለ ኤፒአዩ

በቱሉ ዲምቱ ነጻ የሕግ ድጋፍ ለምትሰጡ የቡድናችን አባላት፣

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የመመዝገቢያ ቅጻችን ከመዝገብ አስተዳደር ሶፍትዌሩ ጋር በኤፒአይ (ሶፍትዌሮች እርስ በርስ መረጃ በሚለዋወጡበት መንገድ) ተገናኝቷል። ያንኑ ስም ሁለት ጊዜ መጻፍ ቀርቷል።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ስለ ቀን ነው። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን 12 ወር ብቻ ነው። ጳጉሜን 3ን በ13ኛ ወር ብንልክ ስህተት ብሎ ይመልሰዋል፤ ይህስ ደግ ነው፣ ስህተቱ ይታያል። የሚያስፈራኝ መስከረም 5 ቀን 2018ን «2018-01-05» ብለን ስንልክ ነው፤ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀብሎ ጃንዋሪ 5 ያደርገዋል። የችሎት ቀጠሮ እንዲህ ሲጠፋ የሚጎዳው ከኮዬ ፈጬ ድረስ የሚመላለሰው ባለጉዳይ ነው። ስለዚህ ቀኑን በእኛው አቆጣጠር ሙሉ፤ ቅጹ ራሱ «2025-09-15» ብሎ ይልከዋል። በእጃችሁ አትለውጡ።

«የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ ሁላችንም የአባትንና የአያትን ስም እንጻፍ።

ኔትወርክ ሲቋረጥ «ላክ» የሚለውን ደጋግማችሁ አትጫኑ። መረጃው ደርሶ መልሱ ብቻ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ለአንድ ሰው ሁለት መዝገብ ይከፈታል። መጀመሪያ በስልክ ቁጥሩ ፈልጉ።

የኤፒአይ ቁልፉን፣ ማለትም ወደ ሶፍትዌሩ የሚያስገባውን ምስጢራዊ ኮድ፣ እባካችሁ በቴሌግራም አትላኩ። ቁልፉን የያዘ ሰው የሁሉንም ባለጉዳይ ምስጢር ማንበብ ይችላል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይመለከተናል። 401 የሚል መልስ ካያችሁ ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም ማለት ነው፤ በማንኛውም ሰዓት ደውሉልኝ።