የመስቀል ወፍ የት ይከርማል?

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል፤ ይህን ነገር ግን ደጋግመሽ እንድታነቢው ፈለግኩ።

በመስከረም ባሕር ዳር ስመጣ ገና ደጁን ሳልዘልቅ «መጣሽልኝ የእኔ የመስቀል ወፍ!» አልሽኝ። እየሳቅሽ ነበር ያልሽው፤ እኔ ግን አዲስ አበባ ከገባሁም በኋላ ከጆሮዬ አልወጣም። እውነትሽን ነው፤ በዓመት አንዴ ብቅ ብዬ ሳምንት ሳልሞላ እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ወፍ ማንበብና የሚያውቁትን መጠየቅ ጀመርኩ።

በማግስቱ ቡና ስታፈዪ አጥሩ ላይ ያረፈውን ታስታውሺዋለሽ? ገላው ከድንቢጥ አይበልጥም፤ ጅራቱ ግን ከራሱ ቁመት ይረዝማል፣ አራት ጥቁር ክር ይመስላል። ደረቱ ነጭ፣ ጀርባው ጥቁር፣ ምንቃሩ እንደ በርበሬ የቀላ። ወዲያው ካሰጣሽው ጤፍ ዳር ወረደና ሁለት እግሩን በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ እየጫረ አፈሩን በተነው። የቀረበውን ድንቢጥ ሁሉ አባረረ። ቀጥሎ መሬት ላይ ከምትለቅም አንዲት ቡናማ ወፍ ፊት አየር ላይ ቆሞ ከፍ ዝቅ ሲል «ይኼን ደግሞ ምን ያስጨፍረዋል?» አልሽ። ለካ ለእሷ ነበር የሚጨፍረው።

እማዬ፣ ያ ወፍ የትም አይሄድም። ክረምቱ ሣሩን አብቅሎ ፍሬው ሲበዛ የመራቢያው ጊዜ ነውና ወንዱ ያንን ጌጥ ይለብሳል። ወቅቱ ሲያልፍ ጅራቱ ይረግፋል፤ ጥቁርና ነጩ ላባ በቡናማ ዝንጉርጉር ይተካል። ከዚያ ከድንቢጦች ጋር ተቀላቅሎ እዚያው ይከርማል። እኛ አጠገባችን እያለ ሄደ እንላለን። ልጅ ሳለሁ ለምጭ አስይዘሽኝ ስጥ ስታስጠብቂኝ «እሽ!» እያልኩ ካባረርኳቸው ቡናማ ወፎች ስንቱ እሱ ነበር?

ሴቷ ደግሞ ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን የምትጥለው በሌሎች ትንንሽ ወፎች ጎጆ ውስጥ ነው። የባለጎጆዎቹ ጫጩቶች አይገፉም፤ ከእንግዶቹ ጋር አብረው ያድጋሉ። ይህን ሳነብ ያቺ የማታውቀውን ጫጩት የምትመግብ ወፍ አንቺን መሰለችኝ። የሟች እህትሽን ልጆች ከእኛ ጋር ከአንድ መሶብ አብልተሽ ስታሳድጊ፣ ጎረቤት እንኳ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። አንድም ቀን አመስግኜሽ አላውቅም። ዛሬ አመሰግንሻለሁ።

እዚህም ኮንዶሚኒየሙ መስኮት ላይ ማለዳ የሚቀሰቅሱኝ ርግቦች አሉ፤ ግራጫ ሆነው ማጅራታቸው ላይ ነጭ ሻሽ የታሰረ ይመስላል። የጣሪያ ርግብ ናቸው ብዬ ቀና ብዬም አላያቸውም ነበር። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር በሌላ አገር እንደማይገኙ ካወቅኩ ወዲህ ግን ሻዬን ይዤ መስኮቱ ሥር እቆማለሁ።

አሁን ኅዳር ገብቷል፤ የወፋችን ጅራት እየረገፈ ይሆናል። አንድ አደራ አለኝ። በረንዳው ላይ ፀሐይ ስትሞቂ ከድንቢጦቹ መካከል ምንቃሩ ቀይ፣ አናቱ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ቡናማ ወፍ ካየሽ እሱ ነው፤ ልብሱን ቢቀይርም የምንቃሩን ቅላት አይለቅም። ዝርግ ሳህን ላይ ውኃ አድርጊላቸው፤ ጥልቅ ዕቃ አይሁን።

ለጥር ሁለት ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ምንም በዓል በሌለበት፣ እንግዳም በማይበዛበት ጊዜ እመጣለሁ። የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርም ከሥራ ባልደረባዬ ተውሻለሁ። እስከዚያው ስንት እንደሆኑ ቁጠሪልኝ።

ልጅሽ