የመሣሪያ መዝገቡ ይከደን

ለኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ
ከአዳማ

ጤና ይስጥልኝ። የጦር መሣሪያ ምዝገባ ይቅር ልላችሁ አይደለም የምጽፈው። ይመዝገብ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያ መያዝ በፈቃድ እንደሆነ እናውቃለን። ሕገ መንግሥታችን ጠመንጃ የመያዝ መብት አልሰጠንም፤ ይስጠን ብዬም አልከራከርም። የሰጠን ሌላ ነገር ነው። አንቀጽ 26፣ የግል ሕይወት መከበር። መሣሪያውን ሊያስመዘግብ የመጣ ሰው ይህን መብቱን በር ላይ አስቀምጦ አይገባም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አጎቴን ይዤ ለፈቃድ እድሳት የሄድኩበት አንድ ቢሮ ነው። ስሙ ይቆየን። አጎቴ የምንጃር ሰው ናቸው። አዳማ ከገቡ ብዙ ጊዜያቸው ነው፤ የአያቴን ምንሽር ግን አልለቀቁም። (ሲተኩሱበት አይቼ አላውቅም። ሁሌ በዘይት ይወለውሉታል፤ ባለቤታቸው ደግሞ ሁሌ "ሽጠው" ይሏቸዋል።) ወረፋው ግቢው በር ድረስ ነበር። የአዳማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ተራችን ደርሶ ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል። ስም፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የመሣሪያ ዓይነት፣ የመሣሪያ ቁጥር። ከአጎቴ በፊት የተመዘገቡትን ሰዎች እኔም አነበብኳቸው፤ ዓይኔ ሥር ናቸው፣ ምን ላድርግ። የማን ሰፈር፣ የማን ክላሽ፣ ሁሉም አለ። ጸሐፊው ጮክ ብሎ "አባባ፣ የእርስዎ ምንሽር ነው አይደል?" አለ። ኋላችን የቆመው ሁሉ ሰማ። ገጹ ሲሞላ በገዛ ስልኩ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ላከው። ለአለቃው ይሆናል። ፎቶው ግን ስልኩ ላይ ቀረ። ስልኩ ቢሰረቅስ? ጥገና ቤት ቢያድርስ?

ስንወጣ አጎቴ "ልጄ፣ ሌባ ጠርተን መጣን" አሉኝ።

ልክ ናቸው። ክላሽ ለሚፈልግ ዘራፊ ከዚህ የተሻለ መሪ የለም፤ ቤቱ በቁጥሩ ተጽፎለታል። ቂም ያለው ሰውም ባላጋራው ምን እንደያዘ አንድ ፎቶ አይቶ ያውቃል። "ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?" የምትል አባባል አለች፣ ቢሮ ውስጥም ትወደዳለች። ከፖሊስ ማን ደበቀ? ሰውዬው ራሱ መጥቶ አስመዘገበ እኮ! ዝርዝሩ እንደሚወጣ ያወቀ ሰው ግን በሚቀጥለው አይመጣም፤ መሣሪያውን ጣራ ሥር ይወትፈዋል። ያኔ የሚጎዳው ምዝገባው ነው።

የሠለጠነ ሲስተም ያላቸውም አልዳኑም። ኒውዚላንድ በክራይስትቸርች ከተማ መስጊዶች ላይ ከደረሰው የተኩስ ጥቃት በኋላ መሣሪያ ከሕዝብ መልሳ ትገዛ ነበር። ኅዳር 2012 ላይ የአስረካቢዎችን ስም፣ አድራሻና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አንድ የመሣሪያ ነጋዴ ከሲስተሙ ላይ ማየት ቻለ። ሰኔ 2014 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የመሣሪያ መረጃ ድረ ገጽ ሲከፍት፣ ሽጉጥ ለመታጠቅ ፈቃድ የጠየቁ ወደ 192,000 ሰዎች የግል መረጃ ተጋለጠ። ሁለቱም ጋ ሀከር አልገባም። መዝገቡን የያዘው ወገን ነው በሩን የከፈተው። የእኛው ደግሞ ወረቀት ነው፤ ለማየት አንገት ማስገግ ይበቃል።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ባለጉዳይ አንድ በአንድ ይግባ። የሌላው ሰው መስመር በወረቀት ይሸፈን። የመሣሪያው ዓይነት በጩኸት አይጠራ። መዝገቡን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳየው ይጻፍ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውልና ደኅንነቱ እንዲጠበቅ ይላል፤ በሠራተኛ የግል ስልክ የሚዞር ፎቶ ከዚህ ጋር በምንም አይገናኝም። ዝርዝሩ ከወጣም ባለቤቶቹ ከእናንተ ይስሙ እንጂ ከሰፈር ወሬ አይስሙ።

ይህን የሚያነብ ኃላፊ አንድ ነገር ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል። እስከ ዛሬ በሠራተኞች ስልክ የተነሡት የመዝገብ ፎቶዎች እንዲጠፉ ትእዛዝ ወጥቷል? ካልወጣ መቼ ይወጣል?

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዳማ ነዋሪ