ግልጽ ደብዳቤ፦ የእህቴ ቆዳ ከጣቷ ተለይቶ አይታከምም

ለሚመለከተው የጤና ኃላፊ
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣

የእህቴን የሕክምና ጉዳይ መጀመሪያ በቃል አቀረብኩ። ቀጥሎ ጽፌ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። በመጨረሻ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ገቢ አስደረግኩ፤ ማህተም ተመታበት፣ ቁጥር ተሰጠው። ስድስት ወር ተመላልሼ ያገኘሁት መልስ "በሂደት ላይ ነው" የሚል ብቻ ነው። አሁን ሰው ሁሉ ይስማው ብዬ በአደባባይ ጻፍኩት።

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ ከያዛት ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ክርኗና ጉልበቷ ላይ ቆዳው ይወፍራል፣ ነጭ ቅርፊት ይረግፍለታል። ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ይህን ለጎረቤት ስናስረዳ ኖረናል። በየሦስት ወሩ ቆዳ ክፍል ትቀርባለች፣ ቅባቷን ተቀብላ ትመለሳለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ጠዋት፣ ሃያ ዓመት የሠራችበት መቀስ ጣቷን አላስገባ አላት። ጣቷ ከሥሩ እስከ ጫፉ እኩል አብጧል። ከእንቅልፏ ስትነሳ እጇን ለመጨበጥ አንድ ሰዓት ይፈጅባት ጀመር። ጥፍሮቿን ሳያቸው በመርፌ የተጠቀጠቁ ይመስላሉ።

በቀጠሮዋ ቀን ጣቷን ዘርግታ አሳየች። "እሱ የእኛ አይደለም፣ አጥንት ክፍል ሂጂ" ተባለች። አጥንት ክፍል ስትሄድ ደግሞ ሪፈሩ የተጻፈው ለቆዳ ነው፤ በጤና መድን ለመታከም ከጤና ጣቢያ ሌላ ወረቀት አምጪ አሏት። በባጃጅ አቶቴ ተመልሳ አመጣች። ስትመለስ ካርዷ ጠፋ። በሌላ ቀን ተራ ደርሷት ራጅ ተነሳች፤ "ስብራት የለም" ተብላ የህመም ማስታገሻ ይዛ ወጣች። ክርንሽ ላይ ያለው ምንድነው ብሎ የጠየቃት የለም። ስምንት ወር በዚህ አለፈ። አዲስ አበባ ያያት ሐኪም ጥፍሯን አየ፣ እጅጌዋን ገለጠ፣ እዚያው ለየው። ሶሪያሲስ የሚያመጣው የመገጣጠሚያ ብግነት ነበር። ጣቷ ግን ታጥፎ ቀርቷል። ዛሬ ጨርቁን የምትቆርጥላት ልጇ ናት፤ ትምህርት ቤት መዋል የነበረባት ልጅ።

እርስዎ የጤና ሰው ነዎት፣ ይህን ያውቁታል። ከአሥር የሶሪያሲስ ታማሚዎች እስከ ሦስቱ መገጣጠሚያቸው ሊያዝ ይችላል። ሕክምናው ስድስት ወር እንኳ ቢዘገይ መገጣጠሚያው ላይ የማይሽር ጉዳት ሊተው ይችላል። የሰውነት መከላከያው ነው የተሳሳተው፤ ብግነቱ ቆዳ ላይ ብቻ አይቆምም። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም፣ ድብርት ከሌላው ሰው ይልቅ እነሱ ላይ ይበዛል። በፈረንጆች 2014 የዓለም ጤና ጉባኤ ሶሪያሲስን የሚያም፣ አካል የሚጎዳ፣ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ያልተገኘለት ሥር የሰደደ በሽታ ብሎ ውሳኔ አሳልፎበታል። አገራችንም የጉባኤው አባል ናት።

የግፊቷ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዘጠኝ ዓመት ቆዳ ክፍል ስትመላለስ ክንዷ ላይ የግፊት መለኪያ የጠመጠመ አንድ ሰው አልነበረም። በመሃል ሁለት ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ታዞላታል። ይህ መድኃኒት ግፊትንም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል፤ ሲታዘዝም፣ ከታዘዘም በኋላ አልተለካችም። ያወቅነው ፍቅር ሐይቅ ዳር ተማሪዎች በነጻ ሲለኩ ነው። 170 በ100። የለካቻት ተማሪ ደግማ ለካች። ከዚያ ቀና ብላ "እማማ፣ ሐኪም ጋ ሄደው ያውቃሉ?" አለቻት። እህቴ ምንም አልመለሰችም። እኔም ቃል አጣሁ። ያን ሁሉ ዓመት የት ነበርን ልበላት?

አሁን ለመገጣጠሚያዋ ብግነት በሳምንት አንድ ቀን ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች። ለዚህ መድኃኒት ጉበትና ደም በየጊዜው መታየት አለበት። ላቦራቶሪው "ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አልቋል" ሲላት በግል ትመረመራለች፣ በማትሰፋበት እጇ ገንዘብ ፈልጋ።

አዲስ ሕንፃ አልጠየቅኩም። ቆዳ ክፍል የምትቀርብ ሴት ግፊቷና ክብደቷ ይለካ፣ ስኳሯ ይታይ። መገጣጠሚያሽን ያምሻል ወይ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ ተብላ ትጠየቅ። ሐኪሙ ሌላ ክፍል ሲልካት ወረቀቱን እዚያው ይጻፍላት፤ አንድ ግቢ ውስጥ ካለ ክፍል ወደ ክፍል ለማለፍ አቶቴ ድረስ አትመለስ። ካርዷም አንድ ይሁን፣ የቆዳው ሐኪም የጻፈውን የአጥንቱ ያንብበው።

ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አላት። አብሬያት እመጣለሁ። ገቢ የተደረገው ደብዳቤዬ ቅጂም በእጄ ይሆናል። ያን ቀን ግፊቷን የሚለካ ሰው ይኑር።

ወንድሟ
ከሐዋሳ